የጥቁር መኪና ጸዳል

ከመኪና ቀለሞች ሁሉ ጥቁርን የሚያህል ለባለቤቱ ክብርን የሚያጎናጽፍ የለም፤ የባለቤቱን ቸልተኝነት በማጋለጥም ጥቁርን የሚያህል የለም። ነጩ መኪና አቧራ ለብሶ ሳምንት ቢሰነብት ከሩቅ ያየው ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ብርማው ጭረቱን በራሱ ብልጭታ ውስጥ ይሰውራል፤ ጥቁሩ ግን በማለዳ ታጥቦ በረፋድ ያረፈበትን ትቢያ፣ እርጥብ ጨርቅ የሄደበትን አቅጣጫ፣ ሕፃን ልጅ ጣቱን ያሳረፈበትን ስፍራ ሳይቀር ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል። እንዲህም ሆኖ ሙሽራ በሚታጀብበት፣ እንግዳ በሚከበርበት፣ ሟች በሚሸኝበት ቀን ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ አስቸጋሪ ቀለም ነው፤ በአደባባይ ቆሞ ሰማዩንና ሕንፃውን፣ የተመልካቹንም ፊት መልሶ ሲያሳይ የሚያደንቀው ብዙ ሲሆን፣ ያ ጸዳል እንዴት እንደ ተገኘና ምን ዋጋ እንደ ተከፈለበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በታኅሣሥ ወር፣ የነቢያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ካለ አንድ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ጋራዥ ውስጥ አንዲት ጥቁር መርሴዲስ ቆማ ነበር። ዓይነቷ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ያህል ከተሠራው፣ ፋብሪካው ደብሊዩ 123 ብሎ ከሚጠራው ወገን ሲሆን፣ ባለቤቷም ከጡረታቸው ላይ ለመደጎም ለሰርግ የሚያከራይዋት አንድ አዛውንት ናቸው። ገና አልፎ ጥር ሲገባ ሰርጉ ይጎርፋል፤ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ መኪናይቱ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት የላትም። አዛውንቱም ይህን አስቀድመው በማሰብ፣ ፊቷ ደክሟል፣ እንደ ዱሮዋ አድርግልኝ ሲሉ ለጋራዡ የፖሊሽ ባለሙያ አስረክበዋታል።

የሰርግ መኪና የሚጎዳበት መንገድ ከሌላው የተለየ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። አበባው በኮፈኑ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ፕላስተሩ በፀሐይ በጋለ ጊዜ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይቀርና በማግስቱ በጥፍር ይፋቃል። ከኮፈኑ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዘረጋው ነጭ ሪባን ደግሞ በመንገድ ነፋስ ሲርገበገብ በሥሩ ያለውን ትቢያ ሲያሽ ስለሚውል፣ ሰርጉ አልቆ ሪባኑ በተፈታ ጊዜ በኮፈኑ ላይ ሁለት ደብዛዛ መንገዶች ተሠምረው ይቀራሉ። ባለሙያው እነዚህን መንገዶች በጣቱ ሳይነካ በሩቁ እየጠቆመ አሳየኝ፤ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚመለከት አይታዩም፤ ጎንበስ ብሎ ከጎን ለሚመለከት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባሉ። በዚህ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ይደገፋታል፤ ሚዜው ቀለበት ያጠለቀ ጣቱን በፓራፋንጎዋ ላይ ያሳርፋል፤ በየላቫጆው የሚያጥቧትም ልጆች ከመሬት ያነሡትን ጨርቅ ሳያለቀልቁ ይደግሙታል።

ጥቁር ቀለም ይህን ሁሉ ጉዳት አሳልፎ የሚሰጥበት ምክንያት በብርሃን ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ነጭ ቀለም በውስጡ ታይታንየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ስላለው፣ የወደቀበትን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ዓይንም በዚያ በተበተነው ብርሃን ብዛት ተይዛ ስለምትቀር ጥቃቅኑን ሕፀፅ አታስተውልም። ጥቁር ቀለም ግን ከጥላሸት ወገን በሆነ ካርቦን የተሞላ በመሆኑ፣ ወደ ውስጡ የዘለቀውን ብርሃን ውጦ ያስቀራል እንጂ አይመልስም። የሚመለሰው ከላይኛው ገጽ ላይ ነጥሮ የሚሄደው ብቻ ነው፤ ይህም ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ከላይ በወደቀ ጊዜ ከመቶ 4 እጅ ያህል ቢሆን ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ኦጉስታን ፍሬኔል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሩብ እንዳስረዳው፣ የሚነጥረው ብርሃን ዓይን ወደ ገጹ ጋደል ብላ ባየች መጠን እየበዛ ይሄዳል፤ ባለሙያውም የፍሬኔልን ስም ሳይሰማ ዕድሜውን ሁሉ ከመኪና ጎን እየተንበረከከ የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የጥቁር መኪና ውበት ሁሉ የተመሠረተው በዚያች ከመቶ አራት በሆነች ጥቂት ብርሃን ላይ ነው ማለት ነው። ገጹ ፍጹም ልሙጥ ከሆነ ያች ጥቂት ብርሃን ሥርዐቷን ጠብቃ ትመለስና የሰማዩን መልክ ትሥላለች፤ ገጹ በረቂቅ ጭረት የተሸነተረ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ጭረት ከዚያችው ላይ ጥቂት ጥቂት እየነጠቀ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውራታል፤ በዚያን ጊዜ ጥቁረቱ ግራጫ ይሆናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል።

ባለመኪናዎች በፀሐይ ብርሃን ላይ የሚያዩት፣ በፀሐይቱ ምስል ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሚዞረው ጭረትም በእውነቱ ክብ አይደለም። ጭረቱ በየአቅጣጫው የተዘበራረቀ ሲሆን፣ ብርሃንን ወደ ዓይን የሚመልሰው ግን ከብርሃኑ አመጣጥ ጋር ተሻግሮ የተኛው ብቻ በመሆኑ፣ ተመልካቹ በብርሃኑ ዙሪያ የተቀነበበ ክብ ያየ ይመስለዋል። መብራቱን ከያዙበት ቦታ ፈቀቅ ቢያደርጉት ክቡም አብሮ ፈቀቅ ይላል። ባለሙያው የእጅ መብራቱን በኮፈኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያዞረ ይህን ደጋግሞ አሳየኝ፤ ድሩም ከመብራቱ ጋር እየተከተለ የማይገኝበት ስፍራ አልነበረም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ይህም ፖሊሽ ማድረግ በመኪና ላይ አንድ የሚያበራ ነገር መጨመር ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጭረት ማለት በቀለሙ ላይ የተቆፈረ ረቂቅ ቦይ ስለሆነ፣ ሊጠፋ የሚችለው በዙሪያው ያለው ገጽ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ዝቅ ሲል ብቻ ነው። ኮምፓውንድ በተባለው ቅባት ውስጥ ያለው አልሙኒየም ኦክሳይድ፣ በባሕርዩ ከሰንፔር ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ፣ ነገር ግን ለዓይን እስከማይታይ ድረስ የደቀቀ ፈጪ ነው፤ ማሽኑ በሰፍነግ እያዞረ ያንን ዱቄት በቀለሙ ላይ ሲያመላልሰው ቀለሙ ይሳሳል፤ ጸዳሉም የሚመጣው ከዚህ መሳሳት ነው። መኪናይቱ ባበራች ቍጥር ከልብሷ ላይ ጥቂት ተነሥቶላታል፤ የተነሣውም ተመልሶ አይገባም። ከዚህ የተነሣ የዚህ ሙያ ሰው የሚመዘነው ምን ያህል አበራ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ያህል ለማብራት ምን ያህል ጥቂት አነሣ ተብሎም ነው ብዬ አምናለሁ።

የልብሱ ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ከታች ፀረ ዝገቱን፣ በላዩ መሠረቱንና ቀለሙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለውን ጥርት ያለ ሽፋን ለብሶ፣ ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ባለ ማሽኑ ሊነካው የሚፈቀድለት የላይኛው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ይህም ከአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ያም ቢሆን ሁሉም ለባለሙያው የተሰጠ አይደለም፤ ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው መድኃኒት በዚያ ሽፋን ውስጥ ስላለ፣ ሽፋኑ ከልክ በላይ የሳሳበት መኪና ለጥቂት ጊዜ ካበራ በኋላ ይላጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በየ1,000 ሜትሩ በመቶ 10 ያህል እየጨመረ የሚሄደው የፀሐይ ረቂቅ (አልትራቫዮሌት) ጨረር በዚህ ከተማ ቀለም ላይ ከዝቅተኛው አገር ይልቅ ይበረታል።

የአዛውንቱ መርሴዲስ ግን ክሊር የላትም። በእርሷ ዘመን ፋብሪካው ብርማ ቅንጣት የሌለበትን ጥቁር ቀለም የሚቀባው ያለ ክሊር፣ ቀለሙና ጸዳሉ በአንድ ልባስ ውስጥ ተዋሕደው ነበር። ባለሙያው ይህን ያረጋገጠበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው፤ በነጭ ጨርቅ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ኮምፓውንድ አድርጎ በኋለኛው በር ታችኛ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸና ጨርቁን ገለበጠልኝ፤ ጨርቁ ጠቍሯል። ክሊር ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ ጨርቁ ነጭ እንደ ሆነ ይቀር ነበር። «ይኸውልዎት» አለኝ፤ «ይሄ ቆሻሻ እንዳይመስልዎ፤ ራሱ ቀለሙ ነው። ሥራው ሁሉ ከዚህ ላይ መቆጠብ ነው።»

ጥቁር ቀለምና መኪና የተቆራኙት ከቆየ ዘመን ጀምሮ ነው። በአሜሪካ የሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ትሸጥ ነበር፤ ጥቁሩ ርካሽና ጽኑ በመሆኑ ብዙ መኪና በአጭር ጊዜ ለመሥራት ለተነሣው ፋብሪካ ተስማምቶታል። ቀደም ብሎ እንደ ሠረገላ በብሩሽ ደራርበው ይቀቡ የነበሩት መኪናዎች ቀለማቸው እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖን የተባለው ኩባንያ ዱኮ የሚለውን በፍጥነት የሚደርቅ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ ባቀረበ ጊዜ የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ዝቅ አለ፤ ነገር ግን ይህ ቀለም ሲደርቅ ደብዘዝ የሚል ስለ ነበር፣ እስኪያበራ ድረስ መታሸትና መወልወል የግድ ሆነበት። በሌላ አነጋገር መወልወል ለጥገና የመጣ ኋለኛ ሥራ ሳይሆን፣ ቀድሞውኑ የቀለም ቅብ ሥራው አካል ነበር። ክሊር የሚባለው ሽፋን በብዛት የተስፋፋው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ባለሙያው ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ያሳለፈው ጊዜ ማሽኑን ይዞ ከሠራበት ጊዜ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር፤ እኔም የጥበቡን ምሥጢር ያየሁት በዚሁ ክፍል ነው። በመጀመሪያ ሁለት ባልዲ አዘጋጀ፤ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ። ረዳቱ ጨርቁን ከሳሙናው ነክሮ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ካጠበ በኋላ፣ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውሃ ውስጥ ያለቀልቀዋል፤ እንዲህ ካልተደረገ ከመኪናው የተነሣው አሸዋ ተመልሶ መኪናውን ይፍቃል። ልጁ ጨርቁን በክብ እያዞረ ማጠብ በጀመረ ጊዜ ባለሙያው ድምፁን ሳያሰማ እጁን ይዞ በቀጥታ ከፊት ወደ ኋላ እንዲሄድ አስተካከለለት። «እሺ ጋሼ» አለ ልጁ፤ ዳግመኛም አላዞረም።

ከታጠበች በኋላ ባለሙያው እጁን በስስ የፌስታል ከረጢት ውስጥ አስገብቶ በጣሪያው ላይ በዝግታ ዳበሰ፤ እኔም እንደርሱ እንዳደርግ ጋበዘኝ። በባዶ እጅ ስዳብሰው ልሙጥ የነበረው ጣሪያ በፌስታሉ ውስጥ ሆኜ ስዳብሰው እንደ ደረቀ አሸዋ ሻከረኝ። ይህ ሻካራ ነገር በውሃና በሳሙና የማይለቅ የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና የሬንጅ ነጠብጣብ ነው፤ እርሱን ሳያነሡ ማሽን ማስነሣት ማለት ያንን ሁሉ በሰፍነጉ ይዞ መኪናውን መቦጨቅ ነው። የሚነሣውም ከጃፓን አገር በተገኘ ጥበብ፣ ሊጥ በሚመስል ልዩ ሸክላ ሲሆን፣ ባለሙያው ሸክላውን በሳሙና ውሃ እያራሰ ሲያንሸራትተው በመጀመሪያ የሚሰማው ኮሽታ ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄዶ በመጨረሻ ጸጥ ይላል። ሸክላው አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ቢወድቅ አይነሣም፤ ይጣላል።

ቀጥሎም የወረቀት ፕላስተሩን አወጣ። የበሮቹን ጠርዝ፣ የኮፈኑን ጥግ፣ የመስኮቱን ጎማ፣ የኒኬሉንም መስመር አንድ በአንድ ሸፈነ። ቀለም ሲረጭ ከጠርዝ ላይ ሸሽቶ ወደ ሜዳው ስለሚሰበሰብ፣ የማንኛውም መኪና ልባስ እጅግ የሚሳሳው ማዕዘኑ በሚታጠፍበት ስፍራ ነው፤ ማሽንም በጠርዝ ላይ ሲያርፍ ኃይሉ ሁሉ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ጥቂት ሰከንድ ቀለሙን አንሥቶ መሠረቱን ለማሳየት ይበቃል። ከዚህ በኋላ የውፍረት መለኪያውን በየገጹ እያሳረፈ ንባቡን በኖራ ቁራጭ በመስኮቱ ላይ ጻፈ። ጣሪያው 130 ገደማ ሆነ። የግራው የፊት በር ግን ከ400 አለፈ፤ አዛውንቱ ከመጠየቃቸው በፊት ባለሙያው «ይቺ ተመትታ ነበር፤ ባትላሜራ ያቀናት፣ ስቱኮ ያለባት ናት» ሲል ተናገረ፤ አዛውንቱም ራሳቸውን ነቅንቀው አመኑ። ውፍረት ብዙ መሆኑ መልካም ቢመስልም አስተማማኝ አይደለም፤ በስቱኮ ላይ የተቀባ ቀለም ቶሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ወደ ቆርቆሮው ማሳለፍ ስለማይችል በራሱ ላይ ያከማቸዋል።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰፍነጉን በአንድ እንብርት ላይ ብቻ የሚያዞር ሲሆን፣ ኃይለኛ፣ ፈጣንና ለማይችለው እጅ አደገኛ ነው። ሁለተኛው እያዞረ ጎን ለጎን የሚያንቀጠቅጥ፣ መንገዱን የማይደግም በመሆኑ ሙቀቱ የማይከማች፣ ከፊተኛው ይልቅ የሚዘገይ ነገር ግን ምሕረት የሚያደርግ ነው። ባለሙያው ሁለቱም አሉት። ያደገው በፊተኛው ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን የሚሠራው በሁለተኛው ሲሆን፣ ለዚህች መኪና ፊተኛውን የመረጠው ለኮፈኑ ሁለት መንገዶች ብቻ ነበር። ፊተኛውንም ቢሆን ሊሄድበት ከሚችለው ፍጥነት እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ በደቂቃ ከ1,200 ዙር ሳያስበልጥ ያዘው።

ከመጀመሩ በፊት በቀኙ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ በፕላስተር አራት ማዕዘን ከለለ፤ ስፋቱ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የማይሞላ ነው። በዚያች አራት ማዕዘን ውስጥ ከሁሉ ለስላሳ የሆነውን ሰፍነግና ከሁሉ የደቀቀውን ኮምፓውንድ ሞከረ። ጭረቱ በመጠኑ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ቅባቱን በአንድ ደረጃ አጠነከረ፤ ሰፍነጉን አልቀየረም። በሁለተኛው ጊዜ ሲጠርገው ድሩ ጠፍቶ የጣሪያው ቆርቆሮ ሸንተረሮች በፓራፋንጎው ላይ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። «በቃ፤ ከዚህ አልፌ አልሄድም» አለ። ከጠንካራው ሰፍነግ ወይም ከበግ ጠጉር ከተሠራው መወልወያ ቢጀምር ኖሮ ያንኑ ውጤት በግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ያገኘው ነበር፤ መኪናይቱ ግን ለዚያች ግማሽ ሰዓት ሲባል ቀለሟን ያለ አግባብ በከፈለች ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያከበርሁት ይህንን ነው፤ ከለስላሳው መጀመርና በበቃው ላይ መቆም።

ማሽኑ ሲነሣ ድምፁ እንደሚታሰበው የሚያደነቍር አይደለም። አንድ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ነው፤ ሰፍነጉ በእኩል ሲያርፍ ጉርምርምታው አይለወጥም፤ ጎኑ ከፍ ሲል ይቀጥናል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ይሻክራል። ባለሙያውም ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ በጆሮው ይሠራል። ቅባቱን በአራት አምስት ነጥብ ጠብ ጠብ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት በአራት ማዕዘኑ ላይ ካዳረሰ በኋላ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ ጉዞ የቀደመውን እኩሌታ እየሸፈነ፣ እጁን ከሚያስቡት በላይ አዝግሞ ይሄዳል። በየመካከሉ ማሽኑን አቁሞ የመዳፉን ጀርባ በቀለሙ ላይ ያሳርፋል፤ ለብ ካለ ይቀጥላል፤ ከለብታ አልፎ ከሞቀ ይተወውና ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ከስቱኮው በር ላይ እጁን ያሳረፈበት ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይበዛ ነበር።

ኮፈኑ ሲጋመስ መብራት ጠፋ። ሰፍነጉ እየዘገየ ሄዶ ቆመ፤ ቅባቱ በገጹ ላይ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ባለሙያው ሳይበሳጭ፣ ቅባቱን ከመድረቁ በፊት ጠራርጎ አነሣው፤ ደርቆ ቢቀመጥ ኋላ ሲነሣ እርሱ ራሱ ይጭር ነበርና። ሰፍነጉንም አገላብጦ አየው፤ እንደ ጥላሸት ጠቍሯል፤ በብሩሽ አራግፎ በሌላ ተካው። በጥቁር ቀለም የሞላ ሰፍነግ ማንሣቱን ትቶ መቀባትና መቦጨቅ ስለሚጀምር፣ ለአንዲት መኪና ብዙ ሰፍነግ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም የማይናቅ ነው። በዚህ ወጪ ምክንያት አንድ ሰፍነግ ይዘው መኪናን ከዳር እስከ ዳር የሚጨርሱ ቦታዎች መኖራቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእነዚያ የሚወጣ ጥቁር መኪና በደጃቸው ላይ እጅግ ያበራል፤ በኮምፓውንዱ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ሞልቶ ስለሚሰውረው ነው። ሁለት ጊዜ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ግን ዘይቱ ይለቅና የቀድሞው ድር ይመለሳል፤ በላዩም ፈጣኑ ማሽን ራሱ ያተመው፣ ፀሐይ በወጣች ጊዜ እንደ ጥላ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሞገድ ይጨመርበታል። ባለቤቱ ሳያውቅ ልብሱን ሸጦ ዘይት ገዝቷል፤ ይህን በደል አቅልዬ ላልፈው አልችልም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ባለሙያችን እያንዳንዱን ገጽ ከጨረሰ በኋላ በአልኮልና ውሃ በራሰ ጨርቅ ዘይቱን ሁሉ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው እውነተኛው ገጽ ነው። መኪናውን ለሥራ የሚሰጥ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህ ጨርቅ በዓይኑ ፊት ይለፍ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

መብራቱ ሲመለስ ኮፈኑ ተፈጸመ፤ የሪባኑ መንገዶችም ጠፉ። ሰሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጸዳልን የሚሰጥ ሰም ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው፤ ሰም ግን የተገኘውን ጸዳል የሚጠብቅ እንጂ ያልተገኘውን የሚፈጥር አይደለም። በዚህ ሥራ ከሁሉ የተከበረው ካርናውባ የተባለው ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴአራና በፒያዊ ምድር ከሚበቅል የዘንባባ ወገን ቅጠል ይገኛል። ያ ዛፍ ረዥሙን የበጋ ድርቅ ለመቋቋም ቅጠሉን በሰም ስለሚሸፍን፣ ሰዎቹ ቅጠሉን ቈርጠው በፀሐይ ያደርቁና ሰሙን በዱቄትነት ያራግፉታል። የእኛ የንብ ሰም፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ሆኖ የሚበራው፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ካርናውባ ግን እስከ 82 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይታገሣል፤ በፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ምን ያህል እንደሚያቃጥል በእጁ የሞከረ ሰው የዚህን ልዩነት ጥቅም ያለ አስረጅ ያውቀዋል። ብቻውን ድንጋይ ያህል ጠንካራ ስለሆነ በዘይትና በሌላ ሰም ለስልሶ በቆርቆሮ ይሸጣል።

ባለሙያው ለሰሙ ማሽኑን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት አውርዶ፣ አዲስና እጅግ ለስላሳ ሰፍነግ አደረገበት። ሰሙን ሲያዳርስ ገጹ ላይ መኖሩ እስኪያጠራጥር ድረስ አሳሳው፤ አዛውንቱ «ምነው ሰሰትክ ልጄ?» ቢሉት፣ «አባባ፣ ከቀለሙ ጋር የሚይዘው የታችኛው ብቻ ነው፤ የላዩን መልሼ በጨርቅ ላነሣው ነው» ብሎ መለሰላቸው። ጥቂት ቆይቶ ገጹ በስሱ ጭጋግ ለበሰ፤ ባለሙያው በጣቱ ጫፍ ሰረዝ አድርጎ ጥርት ብሎ መነሣቱን ካየ በኋላ፣ ባለ ጠጉሩን የማይክሮፋይበር ጨርቅ አራት ላይ አጥፎ፣ ሳይጫን፣ የጨርቁን ክብደት ብቻ እያስከተለ ጠረገው። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ነጠብጣቡ ክብ ክብ ሆኖ ተሰብስቦ ቆመ። ይህ ልባስ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት የሚቆይ ነው፤ ፀሐይና ዝናም፣ የወፍ ኩስና ትቢያ በቅድሚያ የሚያገኙት እርሱን ስለሆነ፣ በቀለሙ ፈንታ እርሱ እያለቀ ይሄዳል። ዛሬ ከሰም ይልቅ ዓመታት የሚቆይ፣ ከሲሊካ የሚሠራ ሴራሚክ የሚሉት ልባስ መጥቷል፤ ጠቃሚነቱን አልክድም፤ ነገር ግን በሥሩ ያለው ገጽ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ጭረቱን ለዓመታት አትሞ ያስቀምጠዋል።

በአገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ቀለምን በቁጠባ የሚይዝ ባለሙያ ከዚህ ቀደም ከነበረው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። ቀለም መርጨት የሚችል በየጋራዡ አለ፤ የፋብሪካውን የመጀመሪያ ልባስ ግን ከእንግዲህ የሚመልስ የለም።

አመሻሹ ላይ አዛውንቱ መኪናቸውን ሲዞሩ በኋለኛው ግራ በር ላይ አንዲት ጭረት ቀርታ አገኙ። በጥፍር ሲሞክሯት ጥፍር ታስይዛለች፤ ማለትም ጥልቅ ናት።

«ይቺንስ ለምን ተውካት? አንድ ጊዜ ብትደግምላት ትጠፋ የለ?»

«ትጠፋለች አባባ፤ ቀለሙም አብሯት ይጠፋል። በብሩሽ ጫፍ ጥቁር ቀለም ሞላሁባት፤ በሁለት እርምጃ አትታይም። እዚያ ላይ 90 ማይክሮን ነው ያለው፤ ከዚህ በኋላ ለማንም ቢሆን ማሽን እንዳያስነኳት።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ተመለከቱ፤ ተመልሰውም ሒሳቡን ሰጡት። ባለሙያው ከመሳቢያው አንድ ጥቅል ለስላሳ ጨርቅ አውጥቶ፣ በሰርጉ ቀን ሪባኑ ከሚያርፍበት ስፍራ ሥር እንዲያነጥፉት፣ አበባውንም በፕላስተር ሳይሆን በኮፈኑ ስንጥቅ በሚገባ ገመድ እንዲያስሩት አስረዳቸው፤ ላቫጆም ሲወስዷት የራሳቸውን ጨርቅ ይዘው እንዲሄዱ። «ለሰሙ ከፋሲካ በፊት ብቅ ይበሉ፤ የዳግማ ትንሣኤ ሰርግ ሳይጀምር» አላቸው፤ «ለማሽኑ ግን እኔ እስክጠራዎ አይምጡ።»